ገመዱን ማን ጠቀለለው?

አቶ ፊሊጶስ እሑድ ጧት ከግቢያቸው አጠገብ ለሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሞተው ተገኙ። የውሻ ማሰሪያ ገመድ ቀኝ እጃቸው ላይ ሦስት ዙር ተጠቅልሏል፤ ውሻቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያላዝናል። የለቡ ሰፈር ሰው ምን ይጠብቃል? ከፖሊስ ቀድሞ ፈረደ። ውሻው ጎትቶ ጣላቸው ተባለ፤ ሰኞ በአሥር ሰዓት መርፌ ወግቶ የሚገድለው ሰው ተጠራ።

ውሻው ስሙ «ማን አለኝ» ነው። ያገራችን ሰው በውሻው ስም ለሚሰማው ሁሉ መልእክት ይልክ የለ? አቶ ፊሊጶስም ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጧት ጧት በረንዳ ላይ ቆመው «ማን አለኝ!» እያሉ ይጣሩ ነበር።

ሞልቱ ወሬውን የሰማው ሰኞ ነው። ምሳውን ጥሎ ከመካኒሳ በታክሲ ከነፈ። የሰው ውሻ እያንሸራሸረ የሚኖር፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳይነጋገር የሚውልበት ቀን ይበዛል። ይህን ውሻ ከተረከበ ገና ስምንት ቀኑ ነው። ግን ወዶታል፣ ምን ይደረግ!

በሩ ላይ ኢንስፔክተር ኦብሴን አገኛት። አጭር፣ ፈጣን፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የውሻው አንሸራሻሪ ነኝ። እሱ አልገደላቸውም።»

«እሱ ነው የነገረህ?»

«በአመሉ ነግሮኛል።»

«እስቲ ቶሎ በል።»

«አዲስ ውሻ ሲሰጠኝ የመጀመሪያ ቀን አልነካውም። ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ፤ መጥቶ አሽትቶኝ ይሄዳል። በማግስቱ ከእጄ ይበላል። ይሄኛውን በሦስተኛው ቀን አስሬው ልንወጣ ስንል፣ ገመዱን እጄ ላይ ስጠቀልል መሬት ላይ ልጥፍ አለ! እየተንቀጠቀጠ ሽንቱን ለቀቀው። ከጋሽ ፊሊጶስ በፊት የነበረው ጌታው እንዲያ ጠቅልሎ ሲገርፈው የኖረ ይመስለኛል። አሁን መዳፌ ላይ ዘርግቼ ነው የምይዘው፤ ያኔ ጎን ለጎን ይሄዳል።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ጋሽ ፊሊጶስ። አስቴርም ቆማ ስታይ ነበር።»

አስቴር የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ገመዱ የት ነው የሚቀመጠው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«መኝታ ቤታቸው፣ ከበሩ ጀርባ። ጋሼ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ውሻውን አስረው አይወጡም። ሞልቱ ሲመጣ የማወጣለት እኔ ነኝ።»

«እሑድ ጧትስ የት ነበርሽ?»

«ቸርች። መዘምራን ውስጥ ነኝ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ጎረቤት አቶ ጉተማ ሳይጠየቁ ጀመሩ። «ውሻው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፣ ይገደል! እኔ ግን እዚህ ቤት ውስጥ እግሬ ረግጦ አያውቅም።»

የአቶ ፊሊጶስ የወንድም ልጅ ኤልያቄም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ይኖራል። «ሞልቱ ከመቀጠሩ በፊት በየቀኑ የማወጣው እኔ ነበርኩ» አለ። «እንደ ትራክተር ነው የሚጎትተው።»

«እንዴት ነበር የምትይዘው?»

«እንዲህ፣ እጄ ላይ ጥቅልል አድርጌ ነዋ! አለዚያ ማን ይችለዋል?»

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ባለመርፌው ሳጥኑን ይዞ ገባ። ሞልቱ ሄዶ ውሻው ፊት ቆመ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስባ ገመዱን ውሻው ላይ አሰረችና ለአቶ ጉተማ ሰጠቻቸው።

«እጅዎ ላይ ይጠቅልሉት።»

ጠቀለሉት። ውሻው በሆዱ ተኛ፤ ቢጎትቱት ንቅንቅ አላለም። ሞልቱ ተቀብሎ ገመዱን መዳፉ ላይ ሲዘረጋው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አንደኛ» አለች ኦብሴ፣ «ገመድ ሲጠቀለል መሬት የሚለጠፍ ውሻ ሰው ጎትቶ አይጥልም። ገመዱን የጠቀለለው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከሞቱ በኋላ። ሁለተኛ፣ ገመዱ ከመኝታ ቤት ነው የመጣው። አቶ ጉተማ የት እንደሚሰቀል አያውቁም፤ ያመጣው የቤት ሰው ነው። ሦስተኛ፣ አስቴር በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ፊት ስትዘምር ነበር፤ ይህን አመልም ስለምታውቅ ብትዋሽ እንኳ እንዲህ አትዋሽም። ቀረህ አንተ፣ ኤልያቄም። በየቀኑ ጠቅልዬ ይዤው ነበር አልክ። አንድ ቀን ይዘኸው ቢሆን ኖሮ የሆነውን ታይ ነበር።»

«አቶ ጉተማን ፈርቶ ነው!»

«እንግዲያው አንተ ያዘዋ።»

ኤልያቄም እጁን አልዘረጋም። ጮኸ። «እኔ እዚሁ እያለሁ ‹ማን አለኝ፣ ማን አለኝ› እያሉ ሲጣሩ! ከተኳረፍን ስድስት ወር፣ ስሜን አልጠሩም። እሑድም ጉድጓዱ ዳር ቆመው ሲጠሩት ‹እኔስ?› አልኳቸው። ዞር ብለው አላዩኝም። ገፋኋቸው። ጉድጓዱን አላሰብኩትም፣ እውነቴን ነው!»

«ገመዱን ግን አስበህበታል» አለች ኦብሴ።

እሱን ወሰዱት፤ ባለመርፌውም ሄደ። አስቴር ሀና ማርያም ሰፈር ካለች እህቷ ዘንድ ልትገባ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ግቢው ጭር አለ።

«ውሻውን ማን ይወስደዋል?» አለች ኢንስፔክተሯ። ሞልቱ ስልኩን አውጥቶ አከራዩ ጋ ደወለ።

«እትዬ ምሥጋና፣ ውሻ ይዤ ልመጣ ነው።»

«ውሻ ግቢዬ አይገባም! ስትከራይ ነግሬህ የለም?»

«ነግረውኛል። እንግዲያው ዛሬውኑ ዕቃዬን አወጣለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ገርሟት አየችው። «በል፣ የት ልታድር ነው?»

«እንጃ» አለ ሞልቱ፣ በሩን ለውሻው እየከፈተ። «ግን ሁለት ነን።»