ጣሳው ውስጥ የረጋ ድኝ

አቶ አረጋዊ እሁድ ጠዋት፣ ቂርቆስ በሚገኘው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ክፍሉ ድኝ ድኝ ይሸታል። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ለፍርድ ፖሊስ አንጠብቅም። ኢንስፔክተር ተከስተ ከመድረሱ በፊት ጥፋተኛዋን አግኝተናል፦ ሠራተኛቸው ብርነሽ። አርብ ዕለት ለትኋን ብላ ክፍሉን በድኝ ያጠነችው እሷ ናታ! ሰውዬው አስም አለባቸው፤ የተረፈው ጭስ ገደላቸው ተባለ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ካቴና አስገብተውላት ቆማለች።

«ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከፍቼ አናፍሼዋለሁ። በቃ፣ ሌላ ምን ልበል?» ድምጿ ውስጥ ቁጣም ልቅሶም የለም።

ሚስትየው ወይዘሮ ደሊና መሬት መሬት ያያሉ።

«ጠዋት የት ነበሩ፣ እትዬ?» አለ ተከስተ።

«ከብርነሽ ጋር ቅዳሴ። ስንመለስ የባሌ የወንድም ልጅ ሽሻይ ይጮኻል።»

«ሟቹ ከሽሻይ ጋር ሰላም ነበሩ?»

«ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። የሚሰጠንን ምትክ ቤት ከእኛ በኋላ ለብርነሽ እናውርሳት ሲሉ አኮረፈ።»

ሽሻይ ጣልቃ ገባ። «ማለቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው እኮ! እኔ ሳሎን ተኝቼ ነበር። ድኙ የተለኮሰበት ጣሳ ከአርብ ጀምሮ አልጋው ስር ነው።»

«ነካኸው?»

«ምን ልሠራበት? ትኋን የለብኝ!»

ተከስተ ሳሎን ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ የተጣለ እርጥብ ጆንያ አነሳ። የበሩ የታች ጠርዝ ተጭኖት ሰንበር አውጥቶበታል። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ ጣሳውን ከአልጋው ስር ጎተተ። ከንፈሩ ላይ የረጋው ድኝ ደብዛዛ ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። የታችኛውን ቅርፊት በሴንጢ ሲሰብረው ግን ማር የመሰሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ረጃጅም መርፌዎች ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣደፈ።

«ሁላችሁም ወደ ሳሎን! ምስክሬ ሳይደፈርስ።»

ጎረቤታችን ማሚትም፣ ማንም ሳይጠራት፣ ፊት ወንበር ይዛለች።

«ድኝ ሲግል ቅንጣቶቹ አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ» አለ ተከስተ። «ቀልጦ ሲረጋ እንዲህ መርፌ ይሠራል። ሲቀዘቅዝ ግን እንደዚያ መቆየት አይችልም። ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ አሰላለፉ ይመለሳል፤ በማግስቱ እንዲህ ደብዛዛ ይሆናል። ከንፈሩ ላይ ያለው የአርቡ ነው። ይሄኛው ዛሬ ጠዋት ነው የቀለጠው።»

«እንዴ፣ ጭሱ የአርብ አይደለማ!» አለች ማሚት።

«አይደለም። የአርብ ነው ስላልን፣ ዛሬ ቤት ማን እንደነበረ የጠየቀ የለም።»

«ራሳቸው ለኩሰውት ቢሆንስ?» አለ ሽሻይ።

«ጆንያው የበሩን ስር የደፈነው በሳሎን በኩል ነው። የተኙ ሰው ከውጭ አይደፍኑም። ሁለቱ ቅዳሴ ነበሩ። ሳሎን የነበርከው አንተ ነህ። ሲያበቃ ጣሳውን ከድነህ አጠፋኸው፤ የቀረው መርፌ ሆኖ ረጋ።»

ሽሻይ መርፌዎቹን አየ። ጫፋቸው መደፍረስ ጀምሯል።

«ለሠራተኛ...» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እያለሁ፣ ለሠራተኛ።»

ካቴናው ከብርነሽ ወጥቶ ለእሱ ገባ። እሷን ስንረግም የነበርነው ሁሉ እግራችንን እያየን መንገድ ለቀቅን። እሷ ግን ሁለት እጆቿን አጋጥማ ቆማ ቀረች።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ፈተውሻል» አሉ ወይዘሮ ደሊና።

«የት?» አለች።