የአስናቀው ማተብ

ሸዋረግ ፍቅርአዲስን መንገድ ላይ ስታይ ፊቷን ማዞር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ መገናኘት አይቀርም። «ወንድሜን የበላች» ትላለች፣ ልጅቷ እየሰማች።

ወንድሟ አስናቀው፣ ቱሪስቶች የበረዶ ተራራና ዓሣ ነባሪ በሚያዩባት መርከብ ላይ ዕቃ አጣቢ ነበር። ፍቅርአዲስም እዚያው መኝታ ቤት ታጸዳ ነበር። ላግባሽ ቢላት እንቢ አለችው፤ በማግስቱ ባሕር ገባ። ማተቡን አውልቆ አልጋው ላይ ትቶ ነው ተባለ። ሬሳውም አልተገኘ። ራሱን ያጠፋ ነውና ቄስ መለሰ ፍትሐት ከለከሉት። ከሞቱ ይልቅ ሸዋረግን የቆጠቆጣት ይኸ ነው።

ዘንድሮ አብሮት ይሠራ የነበረው ጥላሁን ለዕረፍት መጣና ማተቡን አስረከባት። ሲሰጣት መዳፉ ላይ ቀጭን ጠባሳ አየች። ማተቡን በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው። አስናቀው ሲሄድ በሦስት ቋጠሮ ያሰረችለት ራሷ ናት፤ በጭንቅላቱ እንዳይወልቅ አጥብቃ። ሦስቱም ቋጠሮ እንዳለ ነው። ክሩ የተበጠሰው በሌላ በኩል ነው፤ ጫፉም ተንጨፍርሯል።

ነገሩ አላስቀምጥ አላት። ያለው የሚባለውን ሌላውን የመርከቧን ዕቃ አጣቢ ፍለጋ ወግዲ ሄደች፤ ያለው በዋዜማው ከአስናቀው ጋር በድስት እጥበት ተጣልቶ ነበር። ዓሣ ነባሪ ወጣ ተብሎ መንገደኛው ሁሉ ወደ መርከቧ ጠርዝ ሲሮጥ፣ እሱ ከሼፉ ጋር ሽንኩርት ይልጥ እንደነበር ነገራት። «ውጭ የነበረው ጥላሁን ነው። ወደ ጀልባ መውረጃዋን በር የሚጠብቀው እሱ ነበር» አላት።

በመጨረሻ የፍቅርአዲስን ደጅ አንኳኳች። ልጅቷ ይግቡም አላለቻት።

«ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«የነሱን ክፍል አጸዳ ነበር። ሰው ወደቀ ተብሎ ሲጮህ የአስናቀውን አልጋ እያነጠፍኩ ነው።»

«ማተቡስ?»

«አልጋው ላይ ምንም አልነበረም።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ዘጋሽ?»

«ለማን ልናገር? ለቅሶ ልደርስ ብመጣ ደጅዎን ዘጉብኝ እኮ፣ እትዬ።»



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሸዋረግ ጥላሁንን፣ ያለውንና ፍቅርአዲስን ቄስ መለሰ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«አባ፣ እኔ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ክር ግን አውቃለሁ» አለች። «ራሱ ቢያወልቀው ቋጠሮውን ይፈታው ወይ በቢላ ይቆርጠው ነበር። ይኸ ተጎትቶ የተበጠሰ ነው። ሰው ወደቀ ሲባል አልጋው ላይ ካልነበረ ደግሞ፣ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። አስናቀው ተመልሶ አያስቀምጠውም። ያለው ከሼፉ ጋር ነበር፤ ፍቅርአዲስ አልጋ ታነጥፍ ነበር። እስቲ እጅህን ዘርጋ፣ ጥላሁን።»

ጥላሁን እጁን ሊሸሽግ ሞከረ፤ ከዚያ ዘረጋው። ጠባሳው መዳፉን እንደ ክር አቋርጦታል።

«አልገፋሁትም» አለ። «በሩን ክፍት ትቼ ዓሣ ነባሪውን በስልኬ እቀርፅ ነበር። አስናቀው ሰው ይወድቅብሃል ብሎ ሊዘጋው መጣ፤ አንሸራተተው። አንገቱ ሥር ያዝኩት። ክሩ እጄ ላይ ቀረ።»

እንዳይታሰር ፈርቶ ማተቡን አልጋው ላይ አኖረው። ሌላውን ወሬው ጨረሰው።  ቄስ መለሰም ጥላሁን እውነቱን ለመርከቧ ሰዎች እንዲያሳውቅ አዘዙት፤ ፍትሐቱንም ለማክሰኞ ቀጠሩ።

ሰኞ ሸዋረግ ከአጥሯ ሥር ድንጋይ አነሣች። ማጅራቷ ላይ ተሸክማ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በገበያው መሐል አለፈች። በፍቅርአዲስ ደጅ እንዳጎነበሰች ቆመች።

ልጅቷ ቶሎ አልመጣችም። ኋላ ግን ወጥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችላት።

«አብሽሩ፣ እትዬ» አለቻት። «ነገ አብረን እናለቅሳለን።»