ወደ ኋላ የዞረ አንገት

በሰርካለምና በቶማ ሰርግ ቀን ማይክሮፎን የያዘው ሰው ያላመሰገነው ሰው አልነበረም። አሰልጣኙን አመሰገነ፤ ድንኳን ያከራየውን አመሰገነ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበርና ደመናውን ሊያመሰግን ምንም አልቀረው። ስለዚያ ውድድር ሲያነሳ ግን «እማማ ፈጠነች ያን ለት ባጃጅ ውስጥ ተኝተው ነበር» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

አልተኛሁም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ። ያን ቀን ማንም ያላየውን አይቻለሁ፤ ያየሁትንም ሳላለሳልስ ተናግሬያለሁ። ልጆቹን ያጣላቻቸው እሷ ናት ይሉኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። ባላጣላቸው ኖሮ ያ ሁሉ ድንኳን አይተከልም ነበር።

ሰርካለም የልጄ የቸርነት ልጅ ናት። ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ እልኸኛ ናት። አባቷ ሶዶ ገበያ አጠገብ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። እሷ ጎህ ሲቀድ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ቦዲቲ ደርሳ ትመለሳለች። ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ወንድ ሁሉ በመስኮት አፉን ይከፍትባታል። አትመልስም። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊጭን ሲቆም ጥላው ትሄዳለች።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓ.ም. አዲስ ውድድር መጣ ተባለ። ከሃላሌ ቁልቁል ግድቡ የሞላውን ውሃ በዋና ተሻግሮ መመለስ፣ ከዚያ በብስክሌት ሶዶ ድረስ መምጣት፣ ከሶዶ ደግሞ ዳሞታን በሩጫ ወጥቶ መውረድ። ትራያትሎን ይሉታል። እኔ ለሳምንት የሚበቃ ድካም በአንድ ቀን እለዋለሁ። ከወንድ አንድ፣ ከሴት አንዲት፣ አንደኛ የወጡት አዲስ አበባ ለስልጠና ይወሰዳሉ። ሰርካለም ይህን የሰማች ቀን ራት አልበላችም።

ዋና ግን አትችልም ነበር። ለመልመድ ሃላሌ ወረደች፤ ቶማን ያገኘችው እዚያ ነው።

ቶማ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ኦሞ ወንዝ ገና ወንዝ ሳለ፣ ግድቡ ሳያስተኛው በፊት፣ እዚያው ዋኝቶ ያደገ። ሰርካለም ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ቆማ አያት፤ የያዘውን መረብ አስቀምጦ መጣ።

«ውሃው አይነክስም» አላት።

«አዞውስ?»

«አዞ የከተማ ሰው አይወድም። ሳሙና ሳሙና ይለዋል።»

ውሃ ረጨችበት። እሱም ባዶ ጄሪካን በገመድ ወገቧ ላይ አሰረላትና ጥልቁን አስለመዳት። በምላሹ ዳገት ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚቀየር አሳየችው፤ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም ነበርና። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማንኪያዋን አየር ላይ አንጠልጥላ ነው። ስሙን ስትጠራ ድምጿ ዝቅ ይላል። እንዲህ ዝቅ የሚል ድምፅ ምን እንደሆነ እኔም በጊዜዬ አውቀዋለሁ።

ቸርነትም ጠረጠረ። «የዓሣ አጥማጅ ልጅ በዚህ በር አይገባም» አለ።

«ዋና ነው የሚያስተምረኝ፣ አባዬ።»

«ዋናውን ትለምጂና ወደ ቤትሽ።»

ከዚያ እኔን ጠባቂ አድርጎ ሾመኝ። እየሄድኩ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ «አዬ» ይለኛል፤ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ክፉ ነገር አላየሁም። ያየሁት ከውሃ ሲወጡ ፎጣ የሚያቀብላትን ልጅ ነው፤ ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ። እሷ ደግሞ ፎጣውን ቶሎ አትቀበለውም።

የውድድሩ ቀን በግንቦት ዋለ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ነፋስ ተነሳ። ሰርካለም መቆም አልቻለችም። ጫማዋን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች፣ የብስክሌቱን ጎማ ትጫናለች። እኔም ከሷ አልተሻልኩም። ቶማ ብቻ ውሃውን ቆሞ ያያል። ነፋሱን አልወደደውም።

ለጥበቃ የወጣው የቦጋለ ጀልባ ነው፤ ቦጋለም ዓሣ አጥማጅ ነው። ልገባ ስል ዳኛው ከለከለኝ።

«እማማ፣ እዚህ የሚወጣው ዳኛ ብቻ ነው።»

«መዋኘት ትችላለህ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም አልችልም። እኩል ነን፤ እጄን ያዝና አውጣኝ።»

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ገቡ። መሀል ላይ ስንደርስ ማዕበሉ ጀልባዋን እንደ ወንፊት ይነፋት ጀመር። ቦጋለ በተቆረጠ ጄሪካን ውሃ ይጨልፋል፤ ቀና አላለም። ዳኛው ጠርዙን ይዞ ያስመልሰዋል፤ እሱም ቀና አላለም። ቀና ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቶማ ሁሉንም ጥሎ ከፊት ነበር። ያለችው ዕድል ይህችው ዋና ናት፤ ብስክሌቱ ላይ ሌሎቹ እንደሚበልጡት ያውቃል። እዚህ ካልራቀ የትም አይርቅም። ድንገት ቆመ። አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። ከማዕበሉ መሀል የሰርካለም እጅ ብቅ ሲል አየና ጥቂት ዋኘ። ደግሞ ቆመ፤ ደግሞ ዞረ። ሌሎቹ በየተራ አለፉት። እጇን አልነካም፣ ቃል አልተናገራትም፤ እየጠበቃት መሆኑን እንዳታውቅ ቀና ስትል ይዋኛል፣ ስታቀረቅር ይቆማል።

ጎን ለጎን ወጡ። ፊቷ በራ። «ትከሻ ለትከሻ» አለችው ከንፈሯ በብርድ እየተንቀጠቀጠ። ቶማ መሬት መሬት አየ።

ብስክሌቱን በባጃጅ ተከተልኩ። ባለ ባጃጁ ጎረቤታችን ሱሀይብ ነው፤ የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ ሚስቱ ናጂያ ከኔ ጋር ስትጨቃጨቅ የምትውል። ለቶማ ብስክሌቱን ያዋሰውም እሱ ነው።

«ይህች ባጃጅ ከቦዲቲ አልፋ አታውቅም» ይለኛል፤ ዝናቡ በጎን እየገባ። «ዛሬ እርስዎንም እሷንም ሳልቀብር አልመለስም።»

«አፍህን ዝጋና መሪውን ያዝ።»

ዳገቱ ላይ ሰርካለምን ደረስንባት። ጭቃው ፊቷን ሸፍኖታል፤ ጥርሷ ብቻ ይታያል።

«እማማ፣ አየሽኝ? ከቶማ እኩል ወጣሁ።»

ሱሀይብ አየኝ። እሱም ከዳር ሆኖ ጠርጥሮ ኖሯል። በዓይኑ «ይተዉ» አለኝ።

«አየሁ» አልኳት። «ጠብቆሽ ነው።»

እግሯ ቆመ። ብስክሌቱ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ፔዳሉ ላይ ቆመችና በሙሉ ክብደቷ ረገጠችው። ቃል ሳትመልስ ሄደች።

«ኧረ እማማ» አለ ሱሀይብ፣ «ዛሬ መሆን ነበረበት?»

«ነገ ሌላ ሰው አሳምሮ ይነግራታል። ጎትቶ ነው ያሻገረሽ ይላታል። ከኔ ልክ ልኩን ሰማች።»

ቶማ ከፊታችን ነበር። ስታልፈው ፈገግ አለላት። እሷ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። ባጃጇ ስትደርስበት አጠገባችን እየጋለበ ጠየቀኝ።

«አዬ፣ ምን ሆነች?»

«ዞረህ ስታያት አየሁህ። ነገርኳት።»

የጎማው ውሃ መቅዘፍ ብቻ ይሰማል።

«ክፉ ነዎት» አለ።

«ነኝ። ፔዳልህን ምታ።»

ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ የለም፤ ጭጋጉ ውጦታል። ሯጮቹ ወደ ተራራው እየገቡ ይጠፋሉ፣ ከዚያው እየወጡ ይመለሳሉ። መጨረሻው መስመር የተሰመረው ከግርጌው ነው። እዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፤ ጃንጥላዬን እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ። ሱሀይብ «እርስዎ ራስዎ ውድድር ገብተዋል እኮ» አለኝ። አልሳቅኩም።

መጀመሪያ የወረደው ከቦዲቲ የመጣ ልጅ ነው። የወንዱ የስልጠና ቦታ በዚያው አለቀ። ጥቂት ወንዶች ከተከታተሉ በኋላ ሰርካለም ከጭጋጉ ወጣች፤ ከሷ በፊት ሴት የለም። መስመሩን አለፈች። አዘጋጆቹ ሜዳሊያ ይዘው ሲመጡ እጃቸውን ገፋችው።

«ቶማ የት አለ?» አለችኝ።

«አልወረደም።»

«ተራራው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጭኑን ይዞ። አልፌው መጣሁ።» ይህን ስትል ከንፈሯ አልተረጋጋም። ዞራ ወደ ተራራው መውጣት ጀመረች። ብርድ ልብስ ያቀረቡላት ሰዎች እንዳቀረቡ ቀሩ። እኔም ተከተልኳት። ሱሀይብ ከኋላ ይጮህብኛል፤ ይጩህ።

ጭጋጉ ውስጥ ሳላያቸው ድምፃቸውን ሰማሁ። ቆምኩ። አዎ፣ አዳመጥኩ፤ ጠባቂ የተባልኩት ለምን ነው ታዲያ?

«ለምን ጠበቅከኝ?»

«ፈራሁ።»

«ምን ፈራህ? አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?»

«ነፋሱ ሲመጣ እጅሽ ጠፋኝ። ከዚያ መዋኘት አቃተኝ። አዝኜልሽ አይደለም። እግሬ እምቢ አለ።»

ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል።

«ያለችህ ዕድል ዋናዋ ነበረች» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «ያንተን ዕድል ጣልከው፤ የኔንም አብረህ ወሰድክብኝ። ከሰው እኩል ዋኘሁ ብዬ ነበር። አሁን ምን እንደምችል በምን አውቃለሁ?»

«አንቺስ ቅድም ስታልፊኝ ለምን አልቆምሽም?» አላት። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

«አትቁሚ አልከኝ።»

«አልኩሽ።»

«አመንኩህ። ትነሳለህ ብዬ አመንኩህ፣ ቶማ። አንተ ለምን አታምነኝም?»

ከጭጋጉ የተነሳ ምን እንዳደረጉ ማየት አልቻልኩም። ብቻ የሆነ ጊዜ ላይ ልጅቷ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁ።

«ውረጂ» አላት በመጨረሻ። «በራሴ እመጣለሁ።»

ደግፋው ትወርዳለች ብዬ ነበር። ብቻዋን ወረደች። መስመሩ ላይ ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። ጠረጴዛው ተነሳ፣ ባንዲራው ተጠቀለለ፣ ዳኛው ሄደ። እሷ አልተነቃነቀችም። ቶማ እያነከሰ፣ በጭቃ ተለውሶ መጣና ማንም ያልቀረበትን መስመር አለፈ። ተያዩ። ሱሀይብ ጉሮሮውን ጠርጎ ባጃጁን ሊያጥብ ሄደ። ዝናብ እየዘነበ።

ሰርካለም አዲስ አበባ ለመሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ቶማ የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው አቶ ጉልላት ናቸው፤ ቤተክርስቲያን ሲገቡ ሰው የሚነሳላቸው። ቸርነት ቢበሳጭም እሳቸውን ከደጅ መመለስ አልቻለም። ወንዶቹ ተቀመጡ፣ ተነጋገሩ። እኔ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ነበርኩ፤ እንደ ተቀመጠ ቅርጫት ማንም አላየኝም።

ቸርነት አሰበና፣ «ልጅቷ ገና ናት፤ ሌላ ጊዜ እንቀጣጠር» አለ። አወቅኩት። እየቀጠረ እየቀጠረ ሊያሰለቻቸው ነው።

ተነሳሁ።

«ቀጠሮውን የምሰጠው እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጁ የት አለ?»

«እማማ» አሉ አቶ ጉልላት፣ «ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይመጣም እኮ።»

«አውቃለሁ። አጥሩ ጋ የሱሀይብን ብስክሌት ይዞ እንደቆመም አውቃለሁ። ይጠራ።»

ቸርነት «እማዬ» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ። ከመጋረጃው ጀርባ ሰርካለም ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል። ቶማ ገባ፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ። ፊቴ አቆምኩት።

«ስማ» አልኩት። «ከብት አልጠይቅህም፣ ጋቢ አልጠይቅህም። ውድድሩ በበጋ ይደገማል ተብሏል። ቀጠሮህ እዚያ ነው፣ ሃላሌ፣ ውሃው ዳር። እሷ ከስልጠናዋ ትመጣለች፣ አንተም ትገባለህ። ሽማግሌዎቹም ይመጣሉ፤ ቸርነትም ይመጣል፤ ከዳር ቆሞ ያያል።»

«እሺ፣ አዬ።»

«እሺ ለማለት አትቸኩል። ነፋስ ይነሳል። እጇ ይጠፋሃል። እግርህ እምቢ ይልሃል። እኔ የቦጋለ ጀልባ ላይ እቀመጣለሁ፤ እንደ ዳኛው አላቀረቅርም።»

መጋረጃው ተገለጠ። ሰርካለም ወጥታ ቆመች፤ ከኔ ጎን ሳይሆን ከሱ ፊት ለፊት። አየችው፤ አያት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወለሉን ተመለከተ።

«ያቺ አንገትህ አንዴ ወደ ኋላ ብትዞር» አልኩት፣ «ልጄን አታገኝም። አሁን እዚሁ፣ ፊቷ ላይ፣ እንደማትጠብቃት ማልላት።»