ማሽላ ውስጥ የቀበርሁት ኮምፒውተር

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ «ስመ እግዚአብሔር ጥሩና ወደ ሥራችሁ ሂዱ» ብዬ የምነሣ ሴት ነበርሁ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም፣ ግን በጆሮዬ ሰምቼ በእጄ ዳስሼዋለሁና ምን ልበል።

ልጄ ሕይወት ወልድያ ውስጥ ከጎረቤቴ ከዘይነብ ልጅ ከዘምዘም ጋር የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብር ነበር፣ ኮምፒውተሩም እኔ ቤት ነው። ሥራ ሲበዛባቸው ቪዲዮው አላልቅ ይላቸዋል፣ ስለዚህ ሕይወት ግራፊክስ ካርድ የሚሉትን፣ ምስሉን የሚያወጣውን ዕቃ፣ ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ ታስሮጠዋለች፣ ቮልቴጁን፣ የሚበላውን የመብራት ኃይል፣ ግን አትነካም። ጥቂት ፍጥነት ትጨምርና ትፈትነዋለች፣ ማራገቢያው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ደግሞ ትጨምራለች፣ ስክሪኑ ነጠብጣብ ሲያወጣ አንድ ደረጃ ትመልሰዋለች፣ ያን ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይረጋል።

«ቀለብ ሳትጨምሪ ጭነት ትጨምሪያለሽ፣ አህያ ቢሆን ይረግጥሽ ነበር» እላታለሁ።

«ቀለብ ከጨመርሁለት ይግላል እማዬ፣ ባለው ይሩጥ።»

«እኔንም እንዲሁ ነው የምታሠራኝ፣ ያለ ምሳ!» ትላለች ዘምዘም።

ጦርነቱ ሲቀርብ ሁለቱ በእግራቸው ወደ ደሴ ወጡ። እኔን ጉልበቴ፣ ዘይነብን የአልጋ ቁራኛ ባሏ አስቀረን። ኮምፒውተሩ እንዳይዘረፍ በጆንያ ጠቅልዬ ጎታ ውስጥ ከተትሁት፣ ማሽላ ደፋሁበት፣ ገመዱን ትራሴ ሥር አደረግሁ። መብራትም ስልክም ከከተማው ጠፍቷል።

ልጆቹ በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዘይነብ ጋር ስለ ልጆቹ እያወራን ሳለ እህል ሲንሸራተት ሰማን።

«አይጥ ነው» አልሁ።

«ዝም በይ እስቲ!»

ከጎታው ውስጥ እዝዝ ይላል፣ ከላይ ያለው ማሽላ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ከፍ አለ፣ ቆየ፣ ደግሞ ከፍ አለ፣ እመኑኝ፣ ልክ ሕይወት ስትፈትነው እንደሚያደርገው።

«አዑዙ ቢላህ! አንቺ ሴት፣ መብራት መጣ እንዴ?»

«መብራቱስ ቢመጣ፣ ገመዱ ትራሴ ሥር አይደል!»

ሁለታችንም እጃችንን እስከ ክርናችን ማሽላው ውስጥ ሰደድን። ጆንያው እንደ ታማሚ ግንባር ይፋጃል። ዘይነብ «ያ አላህ፣ ልጆቻችንን» ትላለች፣ እኔ «እመቤቴ፣ ልጄን አደራ» እላለሁ። ድምፁ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ድንገት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ረጋ። ከዚያ ጠፋ።

ከወራት በኋላ ሕይወት ተመለሰች፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። አቅፌያት ሳልጠግብ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩን ማን ከፈተው?» አለችኝ። እኔ ምንም አልነገርኋትም ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን በደሴ መንገድ ውርጌሳ አካባቢ ተኩስ ሲመጣባቸው፣ መንገደኛው ሁሉ በቀኝ በኩል ሲሮጥ፣ እሷ የማራገቢያውን ድምፅ በግራ በኩል እንደ ሰማችው ነገረችኝ፣ እየጨመረ እየጨመረ ሲጠራት ወደ እሱ ሄደች። ዘምዘምን እጇን ይዛ ጎትታት ነበር።

«ምንም አይሰማኝም፣ አብደሻል እንዴ!» ብላ ዘምዘም እጇን አስለቅቃ ከሰዉ ጋር ሮጠች።

ዘምዘም እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ፈጣሪዬን ሳላመሰግነው የዋልሁበት ቀን የለም። ሕይወት ካርዱን ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መልሳዋለች፣ ሥራ ከሌላት አትከፍተውም። ዘይነብ ግን በየቀኑ የከሰዓቱን ሶላት፣ አሱርን፣ ሰግዳ ትመጣለች፣ ሳትቀመጥ መዳፏን ኮምፒውተሩ ላይ ታሳርፋለች፣ «ቀዝቃዛ ነው» ትልና ትወጣለች።

ትናንት እጇን ሳታነሣ ቆየች።

«ነይ ንኪው እስቲ፣ የሞቀ መሰለኝ።»

ገመዱ አልተሰካም ነበር። እኔም ቀዝቃዛ ሆኖ ባገኘው ምን እላታለሁ ብዬ እጄን መዘርጋት አቃተኝ።