ያልተቀመሰው ጽዋ

የወግዳር ሰማይ ሦስት ክረምት ሙሉ ደረቀ። ዝናብ የሚጠራውን ዕንቁ ሻጉር የተባለው ዘንዶ ከቤተ መንግሥቱ ሰርቆ ዋሻው ይዞት ገብቷል። ወጣቱ ጦረኛ አርከል በንጉሡ ፊት ቆሞ «ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ ይህ ሰይፍ የራሴን አንገት ይብላ» ሲል ማለ። ንጉሡም በመንገድ እንዳይመረዝ ብለው ቀማሻቸውን እመት ዛርማን አስከተሉለት።

እመት ዛርማ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ የንጉሥ ማዕድ ሲቀምሱ ኖረዋል፤ ትንሽ ምላሳቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። እንደሳቸው ያለ ምላስ በአገሩ የለም፤ ይህንንም ለመናገር አያፍሩም። ሰው ግን አያምኑም። በልጅነታቸው ሽማግሌ ልኮ ማር ያቀረበላቸውን ሰው እንኳ «ማሩ ውስጥ ምን ከቶ ይሆን?» ብለው መልሰውታል።

አርከልንም መንገዱን ሁሉ በጎሪጥ ሲያዩት ሰነበቱ። ልጁ ፈገግታ ያበዛል፤ ምን አስፈገገው? ምሳ ሲቀርብ ደግሞ መጀመሪያ ለእሳቸው ይጠቀልላል።

«በሞቴ እማማ፣ አንዴ ይጉረሱልኝ።»

«እጄ አልተቆረጠም፤ አንተው ብላው።»

ራሱ ሲጎርሰው እንኳ እስኪመሽ ሁኔታውን ይከታተላሉ።

ዋሻው ውስጥ ጽዋ ከንፈራቸው ላይ እንደያዙ ድንጋይ የሆኑ ጀግኖች ቆመዋል። ሻጉር ከዕንቁው ላይ ራሱን ቀና አደረገ።

«ጽዋዬን በአንድ ትንፋሽ የጨለጠ ዕንቁውን ይወስዳል፤ የሚመካበትን ነገር ግን ለእኔ ይተዋል። ቀምሶ የጠበቀ ከእነዚህ ጋር ይቆማል።»

«ይዋሻል» አሉ እመት ዛርማ።

«ቢዋሽስ? ምያለሁ» አለና አርከል የሚመካበትን የሰይፍ ክንዱን ወደ ጽዋው ዘረጋ።

እመት ዛርማ ዘንዶውን ተጠራጠሩ፤ ጽዋውንም፣ ልጁንም። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ጥርጣሬያቸውን ተጠራጠሩ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲጠብቋት የኖሩት ነፍስ ለምን ቀን ልትሆናቸው ነበር? ቆጫቸው፣ አንገበገባቸውም። ጽዋውን ከልጁ እጅ ነጥቀው ሳይቀምሱ ጨለጡት።

መጀመሪያ መረራቸው። ከዚያ ምንም።

ዕንቁውን ይዘው ሲወጡ ደጁ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር።

«ምላስዎ…» አለ አርከል።

«ሄዷል። ንጉሡ ሌላ ቀማሽ ይፈልጉ።» ካባቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ከዚያ ተራራ ወዲያ ምን አለ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«እኔም አላውቅም። ዕንቁውን እናድርስና ሄደን እናየዋለን። በል አሁን አጉርሰኝ፤ ርቦኛል።»

ልጁ ስንቁን ፈትቶ ጠቀለለ። እመት ዛርማ ምን እንደሆነ ሳያዩ አፋቸውን ከፈቱ።