ቀልድ የተነፈገው ሬሳ

ሐጂ ራስማኔ ኒኪየማ የሞቱት አፋቸውን እንደ ከፈቱ ነው። ይህ ማንንም አላስገረመም፤ በቢሳሬ ከተማ አፋቸው ተዘግቶ ያያቸው ሰው አልነበረም። ያስገረመው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መሞታቸው ነው።

ዕለቱ የከተማዋ የታሪክ ማኅበራት ሐሳብ የሚለዋወጡበት ጉባኤ ነበር። ማኅበር ሲባል ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ በየሰፈሩ ማንጎ ዛፍ ሥር ሻይ እያፈሉ በአያቶቻቸው የሚጣሉ ሽማግሌዎች ናቸው። የከተማዋ ሦስት ብሔረሰቦች፣ የሞሲዎቹ፣ የሳሞዎቹና የፉላኒዎቹ ማኅበራት በአንድ ግቢ ተሰባሰቡ። የከተማዋ መሥራች ማን እንደሆነ ሊስማሙ መጥተው፣ ምሳ ሳይደርስ ሦስቱ ማኅበራት አራት መሥራቾች አገኙ።

ከምሳ በኋላ የሚታኘከው መራራ የኮላ ፍሬ ታደለ፤ ሻይ ዞረ። ከሞሲዎቹ ወገን ሐጂ ራስማኔ ብድግ አሉና «ዛሬ የጎተራዎቹን እውነት እነግራችኋለሁ» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ያዙ፤ አረፋ ደፈቁ፤ ወደቁ። የጤና ጣቢያው ሐኪም የነቀዝ መድኃኒት ነው አለ። በየቤቱ ባቄላ ላይ የሚነሰነሰው ያ ዱቄት።

መርማሪዋ አጁዳንት አሴታ ዴሜ በማግስቱ ጠዋት ከክፍለ ሀገሩ የጃንደርማ ፖሊስ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ሬሳው ታጥቦ ተገንዟል፤ ከዐስር ሰላት በኋላ ይቀበራል። ገዳዩም ተይዟል፤ ሻዩን ያፈላው የሟቹ የወንድም ልጅ ቢላ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ውጭ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ከቀብር መልስ በሩን እንደሚሰብሩት ማንም አልሸሸገም።

«እንዲያው በአላህ አጁዳንት!» አላት ቢላ ገና ስትገባ። «እኔ ለሻይ ስኳር እንኳ ሳስቼ የምጨምር ሰው፣ መርዝ አባክናለሁ?»

«ከአጎትህ ጋር ተጣልተህ ነበር ይላሉ።»

«ጉባኤው ላይ እንዳልናገር ከለከለኛ! ‹አንተ ገና ጥርስህን ሳትጨርስ ታሪክ ምን ታውቃለህ?› ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ጥርስን ጨርሶ ማርገፍ ሙያ ከሆነ፣ እሱ መቼም ፕሮፌሰር ነበር።»

አሴታ ፈገግታዋን ዋጠች። «ሻዩን በስንት ብርጭቆ ነው ያዞርከው?»

«በሁለት። ወጉ ነው። አንዱ ጠጥቶ ሲመልስ ለሚቀጥለው እቀዳለሁ።»

«ከሐጂ ቀጥሎ በዚያው ብርጭቆ የጠጣው ማን ነው?»

«ያኩባ ባሪ። ብርጭቆው ሳይታጠብ፣ ከዚያው ማንቆርቆሪያ። እንዲያውም ድገመኝ ብሎኛል፤ ሆዳም ነው።»

ያኩባ ባሪ የፉላኒዎቹ ማኅበር መሪና የከብት ነጋዴ ነው። ስታገኘው በሬ እየገመተ ነበር፤ እሷንም በዚያው ዓይን ገመታት።

«እንደምታይኝ አልሞትኩም» አላት። «ኮላውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱንም ጠይቂኝ። ከአንድ ቅርጫት ነው ሁላችን የቀመስነው።»

«ሐጂ ስለ ምን ጎተራ ሊናገሩ ነበር?»

«ስለ የትኛው ይሆናል? የመምህር ላሲና አያት ልጆቹን የደበቁበት ነዋ።»

ያን ታሪክ አሴታ በቃሏ ታውቀዋለች። በቅኝ ግዛት ዘመን ነጮቹ ለባቡር ሐዲድ የግዳጅ ሥራ ወጣት ሊያፍሱ ሲመጡ፣ የሳሞው የመምህር ላሲና ፓሬ አያት ወጣቶቹን ጎተራ ውስጥ ደበቋቸው፤ ግን ማን እንደ ጠቆመ ሳይታወቅ ተያዙ። አዲሱ የከተማዋ አደባባይ በእኚሁ አያት ስም ሊሰየም ድንጋዩ ተቀርጿል። አሴታ በልጅነቷ እዚሁ ቢሳሬ ስትማር ስለዚህ ታሪክ ድርሰት ጽፋ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች። ያረሙላት ራሳቸው መምህር ላሲና ነበሩ።

«ዋዜማው ላይ ሐጂ ለላሲና ‹ነገ የጎተራዎቹን ነገር አወጣዋለሁ፤ ማን እንደ ጠቆመ ሳልናገር አልሞትም› ሲለው ሰምቻለሁ» አለ ባሪ።

«መምህር ምን አሉ?»

«ሳቀ። ጥርስ መቼም ባዳ ነው።»

«ትናንት የሐጂን ዕቃ፣ ልብስ፣ ምግብ የነካ ሰው አይተሃል?»

«ማንም አልነካም።»

ሌሎቹንም ጠየቀች። ሁሉም አንድ ቃል መለሱ፤ ማንም አልነካም።

መምህር ላሲናን ያገኘቻቸው ለቅሶው ግቢ፣ ጥግ ላይ ባለ አግዳሚ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከስተዋል። ሲያዩዋት እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ፣ አንቺ መምጣትሽ መልካም ሆነ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ መምህር። አላህ ያጽናዎት።»

«ቢላን አትጨክኚበት። ወጣት ነው፤ ሰይጣን አሳስቶት ነው።»

«እሱ ነው ብለው ያምናሉ?»

«ሻዩን ማን አፈላው?» አሉና አቀረቀሩ።

ጉልበታቸውን ዳሰስ አድርጋ ተነሣች። እኚህ ሰው ነበሩ በትምህርት ቤት የጫማ ገንዘብ ሲጠፋባት ከኪሳቸው የሰጧት። እኚህ ሰው ነበሩ ሽማግሌ ጠይቃ ታሪክ እንድትጽፍ ሲልኳት፣ «ሰው የሚደብቅሽን ተዪው፤ አንድ ቀን ራሱ ይወጣል። ለመናገር አይበቃም ብሎ የሚያልፈውን ጠይቂ» ያሏት።

ወዲያው ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

ሳሞዎቹ ደርሰው ነበር። ሳሞና ሞሲ በቀልድ የተሳሰሩ ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ባሪያዬ ይለዋል፣ ቆቡን ይቀማዋል፣ ከሳህኑ ሥጋ ይመነትፈዋል፤ መቆጣት ነውር ነው። ክፉ ማድረግ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው፤ አያቶች በደም ተማምለውበታል። ሞሲ ሲሞት ሳሞዎች ሬሳውን አላሳልፍም ይላሉ፤ መንገድ ላይ ይጋደማሉ፤ የሟቹን አመል እያስመሰሉ ኀዘንተኛውን ያስቃሉ፤ ኮላ ካልተሰጣቸው አይነሡም። ያልተቀለደበት ሞሲ ሰው እንደሌለው ሰው ይቀበራል።

የመምህር ላሲና ታናሽ እህት ዜናቡ የሐጂን ቆብ ደፍታ፣ ጉንጯን ወደ ውስጥ ሰርጉዳ፣ ወገቧን ይዛ ትንጎራደድ ነበር። «እኔ ከሌለሁ ታሪክ የለም! ዝም በሉ፣ ራሴን ላመስግን!» ሞሲዎቹ እያለቀሱ ሳቁ። ቀጥላ ባዶ መዳፏ ላይ የሆነ ነገር ፈቀፈቀች፣ ፈቀፈቀችና በምላሷ ላሰችው። የሐጂ ሚስት ማሙናታ ሳይቀሩ ዕንባቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

አሴታ ተጠጋች። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮውን ነዋ! ሰው ኮላ በጥርሱ ያኝካል፤ ይህ ድድ ብቻ የቀረው ባሪያዬ ይፈቀፍቃል። የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ። ዱቄቱ ውስጡ ይጠራቀምና ይልሰዋል።» ከዚያ ዞር ብላ እንደ ሌባ አጎነበሰች፤ ከራሷ ኪስ የሆነ ነገር መንትፋ ሮጠች። «‹ላሲና! አንተ ሌባ ሳሞ! ቆርቆሮዬን!› ‹ኮላ ክፈልና ትወስዳለህ!›» ግቢው እንደገና ሳቀ።

«ይህ መቼ የሆነ ነው?»

«ትናንት ነዋ። ከምሳ በኋላ ወንድሜ ቀምቶት ጓሮ ገባ። እስኪመለስ ራስማኔ ሲሳደብ ቢሰሙት!»

«ዕቃቸውን ማንም አልነካም ስትሉኝ አልነበረም?» አለች አሴታ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ያኩባ ባሪ በርኅራኄ አያት። «አጁዳንት፣ እሱ እኮ መንካት አይባልም። ቀልድ ነው።»

አሴታ ወደ አግዳሚው ዞረች። ግቢው ውስጥ ካሉት ሳሞዎች ሁሉ ያልተነሣ፣ ያልቀለደ፣ ወደ ቃሬዛው ዝር ያላለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰዎች ኀዘን ጎድቶት ነው ሲሉ ሰምታለች። እሷም እንዲሁ ብላ ነበር።

ወደ ማሙናታ ሄዳ ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከች። አብሯት የመጣው ምክትሏ አንድ የታሰረ ፌስታል ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰ።

ከዐስር ሰላት በኋላ ቃሬዛው ሊነሣ ሲል አሴታ ሁሉንም በግቢው ሰበሰበች። ቢላም በሁለት ጃንደርማ መሀል ቀረበ። ዱላ የያዙት ከአጥሩ ውጭ ያጉረመርማሉ።

«አላስረዝምም» አለች። «ሻዩ አልነበረም። ባሪ ከሐጂ ቀጥሎ በዚያው ብርጭቆ ጠጥቷል፤ እንደምታዩት ከበሬ ይጠነክራል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ባሪ።

«ኮላውም አልነበረም፤ ከአንድ ቅርጫት ሁላችሁም በልታችኋል። የቀረውን ልናገር ነው። ግን ሬሳ ይጠብቃል፤ የዜናቡም ጨዋታ እንደ ወጉ አላለቀም። እንኪ ዜናቡ፣ ቆርቆሮውም ኮላውም ይኸውልሽ። ሐጂን እንደ ልማዳቸው ሸኚያቸው።»

ዜናቡ ዓይኗ እያበራ የተበሳሳውን ቆርቆሮ ተቀበለች። ኮላውን ፈቀፈቀች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ምላሷን አውጥታ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ዜናቡ! እንዳትልሺው!»

አግዳሚው ተገለበጠ። መምህር ላሲና መሀል ግቢ ቆመው ነበር፤ ቆርቆሮውን ከእህታቸው እጅ መትተው ጥለውታል። ቀይ ዱቄት አሸዋው ላይ ተበተነ።



«መምህር» አለች አሴታ፤ «ስለ ቆርቆሮው እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።»

ላሲና የእህታቸውን መዳፍ በልብሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

«ይህ ቆርቆሮ ምክትሌ አሁን በምስማር የበሳው ነው። የሐጂ የራሳቸው ከልብሳቸው ጋር እማማ ማሙናታ ዘንድ ነበር። ውስጡ የቀረውን ሐኪሙ ለዶሮ ሰጥቶት ዶሮዋ ሞታለች። ትናንት ሰው ሁሉ እያየዎት ወስደውታል፤ ጓሮ ገብተው የነቀዝ መድኃኒቱን ጨምረውበታል፤ ኮላ ተቀብለው መልሰውታል። ይህን ያህል ዓይን ያየውን አንድም ሰው ሳይናገር የቀረው ቀልድ ስለሆነ ነው። ዛሬ ግን ወጉ በሬሳው እንዲቀልዱ ሲጠራዎት አልቻሉም። በመሐላው መግደልን ደፈሩ፤ በመሐላው መሳቅን ግን ፈሩ።» ተነፈሰች። ‹አንተ› ልትላቸው ጀምራ ነበር፤ አፏ እምቢ አላት። «ሰው ለመናገር አይበቃም ብሎ የሚያልፈውን ጠይቂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ቀድሞ የከዳኝ እሱ ነው» አሉ ላሲና በቀስታ። «ልጆቹን የጠቆመው አያቴ ነው። አብሮት የጠቆመው ደግሞ የራስማኔ አያት። ሁለታችንም ከእናቶቻችን ሰማን፤ በልጅነታችን ላንናገር ማልን። እኔ ምስጢራችንን የጀግና ታሪክ አድርጌ አሳደግሁት፤ እሱ ግን አደባባዩ ሊመረቅ ሲል በሰው ፊት ሊያርደው ተነሣ። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን!»

«አልተነሣም» አሉ ማሙናታ።

ሁሉም ዞረ። ባልቴቷ ከምንጣፋቸው ሳይነሡ፣ ዓይናቸውን ከቃሬዛው ሳይነቅሉ ነበር የተናገሩት።

«ንግግሩን በየቀኑ እኔ ፊት ያጠናው ነበር። ‹የጠቆመው የእኔ አያት ነው፤ ብቻውን ነው› ይላል። ‹የላሲናስ?› አልኩት። ‹ላሲና ልቡ ስስ ነው፤ አይችለውም። እኔ እንደሁ የሚሰድበኝ አላጣም፣ ለሁለታችንም ልሸከመው› አለኝ። ስምህ አፉ ውስጥ አልነበረም፣ ላሲና። ጥርስ በሌለው አፍ ውስጥ ሸሽጎህ ነበር።»

መምህር ላሲና መሬት ላይ ተንበረከኩ። ወደ ቃሬዛው ዳኹ፤ መንገዱ ላይ፣ ሳሞ በሚጋደምበት ቦታ ሊጋደሙ። ዜናቡ ደርሳ በክንዳቸው ያዘቻቸው።

«አይሆንም። አንተ እዚህ አትተኛም።»

አሴታ ራሷ ካቴናውን አሰረች። እጃቸው ጫማ የገዛላት እጅ ነበር፤ አላጠበቀችውም። ቢላ ወደ ግቢው የዘለቁትን ባለ ዱላዎች በመካከላቸው ሰንጥቆ አለፈና የቃሬዛውን አንድ እግር ትከሻው ላይ አደረገ።

ሬሳው ተነሣ። ማንም የሚቀልድ አልነበረም፤ ሳሞዎቹ ፊታቸውን ሸፍነው ግድግዳ ተጠግተዋል። ቃሬዛው በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ዜናቡ የሐጂን ቆብ ከመሬት አንሥታ አራገፈች፤ ደፋችው፤ ሮጣ ደፉ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች።

«አንተ ሞሲ!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደገና አነሣችው። «አንተ ድዳም ባሪያዬ! ማን ፈቀደልህ መሞት? እኔን ሳትጠይቅ የት ልትሄድ?»

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ማሙናታ እያነከሱ መጡና አንድ የኮላ ፍሬ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ውሰጅና ልቀቂው» አሉ። «ይበቃዋል።»

ዜናቡ ግን ኮላውን ጨብጣ፣ እየሰደበችው፣ ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም።