ከቃል ፈተናው በፊት የነበረችው ቅዳሜ

አብራር ለሱሀይላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሱም ተሰባብሮ ነው የወጣው።

«ና... ናይስ ቱ ሚት ዩ!»

ሱሀይላ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ፈተናው እኮ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። አሁን በአማርኛ ሰላም በለኝ!»

ሁለቱም የጅማ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። እሱ የአጋሮ ቡና ገበሬ ልጅ ነው። እሷ የጅማ ልጅ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ዘይቡ እዚያው ጅማ፣ መርካቶ ገበያ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። የእንግሊዝኛ መምህርታቸው ጽጌ ለቃል ፈተናው ተማሪዎቹን በዕጣ ጥንድ ጥንድ ሲያደርጉ ነው የተገናኙት። አብራር ፋርማሲ ለመግባት የፈተናው ውጤት የግድ ያስፈልገዋል። ሰው ፊት ሲቆም ግን የሚያውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋበታል።

ሱሀይላ ሕግ አወጣች። «ከአስር ሰዓት እስከ አስራ አንድ እንግሊዝኛ ብቻ! አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ያመለጠው ሻይ ይጋብዛል።»

የመጀመሪያውን ሳምንት ሻዩን ሁሉ የጋበዘው አብራር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ምላሱ ተፈታ። ስለ አባቱ፣ ዝናብ ድንገት ሲመጣ የተሰጣውን ቡና ለመሸፈን ቤተሰቡ ስለሚሯሯጠው ሩጫ አወራላት። ሲሳሳት አትስቅበትም፤ ቃሉን ቀስ ብላ ደግማ ትነግረዋለች። አስር ሰዓት እስኪደርስ ቀኑ ይረዝምበት ጀመር።

ፈተናው ለሰኞ ሆኖ ሐሙስ ዕለት፣ አብራር ዶርም ውስጥ ሲለማመደው የዋለውን ነገር እንደምንም ተናገረ። ቅዳሜም ተገናኝተው ቢያጠኑ፣ ከዚያም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቦዬ ውኃ ዳር ወርደው ቢንሸራሸሩ ደስ እንደሚለው በእንግሊዝኛ ነገራት።

ትንሽ አሰበች። «ሶሪ አብራር... ኦን ሳተርዴይ አይ አም ኢንጌጅድ።»

ኢንጌጅድ ሲባል እሱ የሚያውቀው መታጨትን ብቻ ነው። ቅዳሜ ልትታጭ ነው! ለማን? ሊጠይቃት ፈለገ፤ ይህን የሚጠይቅበት እንግሊዝኛ ግን አልመጣልህ አለው።

«ኦኬ» አለ ብቻ።

«እሁድ ግን የመጨረሻ ልምምዳችን ነው፤ እንዳትቀር!» አለችው በእንግሊዝኛ። አንገቱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ አጋሮ ገባ። እሁድም አልተመለሰም። ስልኩ ደጋግሞ ጠራ፤ ስሟን እያየ ዝም አለው። አባቱ ጀማለዲን ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡናውን አብረውት ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እጅህ እዚህ አለ፤ አንተ ግን የለህም» አሉት።

«ደህና ነኝ አባ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«አልሐምዱሊላህ። ይቺ የምትደውልልህ ልጅስ ደህና ናት?»

አብራር አጎንብሶ ቡናውን ማገላበጡን ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት ሱሀይላን የፈተናው ክፍል በር ላይ አገኛት። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩህ» አለችው። «ታመመ ብዬ... አደጋ ደረሰበት ብዬ...»

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«በምኑ?»

ስማቸው ተጠራ።

መምህርት ጽጌ ሱሀይላን ቅዳሜና እሁድ እንዴት እንደምታሳልፍ በእንግሊዝኛ ጠየቋት። «ኦን ሳተርዴይ አይ አም ኦልዌይስ ኢንጌጅድ» ብላ መለሰች።

መምህርቷ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ራሳቸውም ወደ አማርኛ ተመለሱ። «በየሳምንቱ ነው የምትታጪው?»

«ኧረ ቲቸር! ተይዣለሁ ለማለት ነው። ቅዳሜ ሱቁ ሰው ይበዛበታል፤ እናቴን አግዛታለሁ። መዝገበ ቃላቱ እንደዚያ ነው የሚለው!»

«ልክ ነሽ፣ ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል» አሏት።

አብራር ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ተራው ሲደርስ የተናገረውን እንግሊዝኛ ከየት እንዳመጣው ዛሬም አያውቅም።

ሲወጡ ሱሀይላ መንገዱን ዘግታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ታጨች ብለህ ነው የጠፋኸው?»

«አዎ።»

«አብራር! ሦስት ቋንቋ ትናገራለህ። በአንዱ እንኳ ልትጠይቀኝ አቃተህ?»

«መልሱን ፈርቼ ነው» አላት። «ስልክሽን አለማንሳቴ ግን በደል ነው። ይቅር በይኝ...»

«እሁድ ብቻዬን ተቀምጬ ራሴ ስጠይቅ ራሴ ስመልስ ቆየሁ። የሚያልፈው ሁሉ አበደች እንዴ እያለ ያየኛል!» ሳቅና እንባ ተቀላቀለባት።

አብራር ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሱሀይላ... አኒ ሲን ጃለዳ» አላት በኦሮምኛ። እወድሻለሁ ማለቱ ነው።

«እኔም» አለችው ቀስ ብላ። «በድብቅ ግን አልፈልግም። የምትመጣ ከሆነ በእናቴ ሱቅ በር ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ ሄደ። ወይዘሮ ዘይቡ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ትምህርታችሁን ጨርሱ፤ ከዚያ ሽማግሌ ላክ። እስከዚያ ልጄን እንዳታስለቅስብኝ» አሉት።

ጨረሱ። ጀማለዲን ከአጋሮ ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ኒካሃቸው ጅማ ታሰረ። ዛሬ እሱ አጋሮ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ እሷ እዚያው ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አብራር አሁንም ዝምተኛ ነው። ሲከፋው ግን አይሸሽም። ቤቱ ይገባል፣ አጠገቧ ቁጭ ይላል፣ የሆነውን ይነግራታል።